የጉንቦር ረጅም ትንፋሽ

በእኛ ፋብሪካ ማንም ሰው አይሆንም ተብሎ አያውቅም። የሆስፒታል አንሶላ ሳጥብ፣ ሳደርቅ፣ ስተኩስ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ አንድም ቀን ይህን ቃል በጆሮዬ አልሰማሁም። ታዲያ በየዓመቱ የሐምሌን፣ የበጋችንን ፈቃድ እየጠየቅሁ በየዓመቱ መስከረም ላይ የምወጣው እንዴት ነው? በጉንቦር ትንፋሽ ነዋ!

ጉንቦር የሥራ ፕሮግራም አውጪያችን ነበረች። ማን በየትኛው ቀን እንደሚገባ፣ ማን መቼ ዕረፍት እንደሚወጣ በእሷ እጅ ነው። ሐምሌን ስትጠይቃት አትቆጣም፤ ፊቷም አይጠቁርም። የቀረፋ ዳቦ በወረቀት ጠቅልላ ማሽንህ ድረስ ትመጣለች። አጠገብህ ቆማ ከመተኮሻው የሚወጣውን አንሶላ አብራህ ታያለች። ከዚያ በረጅሙ ትተነፍሳለች።

«ስቲግዬ፣ ሐምሌ ዘንድሮ ይሞቃል እያሉ ነው አይደል?»

«ይላሉ።»

«እነ አኔሊ ደግሞ ልጆች አሏቸው።» ትንፋሽ። «መስከረም እኮ ደስ ይላል። ትንኝም የለ።»

ዳቦውን በልተህ ሳትጨርስ፣ «እሺ በቃ፣ መስከረም ይሁንልኝ» ብለህ አንተው ትለምናታለህ። እሷ ደግሞ፣ «እርግጠኛ ነህ? ለእኔ ብለህ እንዳይሆን» ትልሃለች! የሚያቃጥለው ይሄ ነው። የተቀማኸውን አንተው ሰጥተህ፣ አመስግነህ፣ የዳቦውን ፍርፋሪ ከደረትህ አራግፈህ ወደ ሥራህ ትመለሳለህ።

ያ የጉንቦር ወንበር የእኔ መሆን ነበረበት። ክፍት የሆነ ጊዜ እኔም ጠይቄ ነበር። የዚያን ጊዜው አለቃ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ፣ «ስቲግ፣ አንተ እኮ ዘጠነኛ ክፍል ላይ ነው ያቆምከው። ጉንቦር ወረቀት አላት» አለኝ። የትኛው ማሽን ስንት ሰው እንደሚፈልግ ለባለ ወረቀቷ ያስረዳኋት እኔ ነኝ። ይህን የሚያስታውስ ሰው አሁን የለም። እኔ ግን አልረሳሁትም፤ ደግሞም አልረሳውም።

የዘንድሮው ሐምሌ ግን እንደ ሌላው አልነበረም። ልጄ ቱቫ ኖርዌይ፣ ትሮንድሄም ነው የምትኖረው። አስተማሪ ናት፤ ዕረፍቷ በሐምሌ ነው፣ የልጆቿም እንደዚያው። መስከረም ላይ እኔ ስሄድ እነሱ ትምህርት ቤት ናቸው፤ ቀኑን ሙሉ ባዶ ቤት ውስጥ ከድመታቸው ጋር ተፋጥጬ እውላለሁ። ባለፈው የገና በዓል ስልክ ደወለችና፣ «አባዬ፣ ዘንድሮም መስከረም ከሆነ እንግዲህ ልጆቹን አያታችሁ ሊመጣ ነው እያልኩ ባላስጠብቃቸው ይሻላል» አለችኝ። አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

እንግዲህ ነገሩ የተጀመረው በጥር፣ በጠዋቱ የቡና ሰዓት ላይ ነው። ዮአኪም፣ አሁን ያለው አለቃችን፣ ኩባያውን ይዞ ተነሣ። ዕድሜው ከእኔ የሥራ ጫማ ቢበልጥ በጥቂት ነው። አለቃን አንተ የምንልበት አገር ነው፤ አንተ ማለት የተፈቀደልን ሌላ ነገር እንዳንለው ይመስለኛል።

«ጉንቦር በሚያዝያ ጡረታ ትወጣለች» አለ። «ሥራዋን የሚያቀልልን ሲስተም ያስፈልገናል። ከውጭ ፕሮግራመር ብናስመጣ ዋጋው አይቀመስም። ስለዚህ ራሳችን እንሠራዋለን። እናንተ ትሠሩታላችሁ!»

«እኛ?» አለች አኔሊ። አኔሊ ከእኔ ጋር መተኮሻው ላይ የምትቆም ፊንላንዳዊት ናት። «እኔ የምድጃዬን ሰዓት ማስተካከል አቅቶኝ ከገዛሁት ጀምሮ እኩለ ሌሊት ነው የሚለው።»

«ልክ ነሽ! ለዚህ እኮ ነው የምንፈልግሽ» አለ ዮአኪም፣ ዓይኑ እያበራ።

ይህን ምን ትለዋለህ? ለሃያ ዓመት አልተማርክም ብለው ከወንበር ሲያርቁኝ ኖሩ፤ ዛሬ ደግሞ አለመማሬ ሙያ ሆነና ተመረጥኩ።

አሠልጣኟ ፊሊፓ ትባላለች። ከስቶክሆልም በባቡር ነው የምትመጣው። ኮድ የሚባል ነገር የለም አለችን፤ ስክሪኑ ላይ ሳጥን ትጎትታለህ፣ ሳጥኑን ከሌላው ሳጥን ጋር በቀስት ታያይዛለህ፣ ቀስቱ ላይ «እንዲህ ከሆነ እንዲያ አድርግ» ብለህ ትጽፋለህ፤ ፕሮግራም ሆነ ማለት ነው። ይሁን። ይሄስ አልከበደኝም። የከበደኝ ሌላው ነው። በየጠዋቱ ክብ ሠርተን ተቀምጠን፣ «ዛሬ በውስጣችሁ ያለው አየር ምን ዓይነት ነው?» ትለናለች።

«ጭጋግ» አልኩ።

«ስቲግ፣ ጭጋግህን ስላካፈልከን እናመሰግናለን።»

አኔሊ ኩባያዋ ውስጥ ሳቀች፤ ቡናው ተፈናጥሮ አፍንጫዋን መታው።

ፊሊፓ ሌላም አባባል ነበራት፤ «ስህተት የሚባል መልስ የለም» ትላለች። ስህተት መልስ ከሌለ ጥያቄው ለምን ያስፈልጋል? ይህን ብጠይቃት በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው አለችና በቢጫ ወረቀት ጽፋ ግድግዳው ላይ ለጠፈችው። እስካሁን እዚያው ተለጥፏል።

ሥራው ሲከፋፈል የዕረፍት ጥያቄው ክፍል ለእኔ ደረሰኝ። እውነቱን ልናገር፣ ልቤ ዘለለ። ሐምሌ በእጄ ገባች! ፊሊፓ አጠገቤ ቁጭ ብላ፣ «አደራህን ስቲግ፣ መመሪያው ላይ ያለውን እንዳትሠራ። በእውነት የምታደርጉትን ሥራልኝ» አለችኝ። ይህን ቃሏን ያዙልኝ፤ በኋላ ሁሉም እንዳልሰማ ሆኗልና።

መጀመሪያ ጉንቦር ዘንድ ሄድኩ።

«አንድ ሰው ሐምሌን ጠይቆ ቦታ ከሌለ እንዴት ነው የምትከለክይው?»

«እኔ?» አለች፣ ደንግጣ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ። «እኔ ማንንም ከልክዬ አላውቅም። ሰዎቹ ራሳቸው ሐሳባቸውን ይለውጣሉ።»

ከልቧ ነው። ዓይኗን አይቻለሁ፤ ታምነዋለች። እኔም እንዳለችው ጻፍኩ፤ ሲስተሙ ራሱ የሚከለክለው ሰው የለም። አኔሊ ከኋላዬ ስክሪኑን እያየች፣ «ትንፋሿንስ የት ታስገባዋለህ?» አለችኝ።

«ለትንፋሽ የሚሆን ሳጥን አልተሰጠንም።»

«እንግዲያው ጉድ ፈላ» አለች።

ቀጥሎ የቁልፎቹ ጉዳይ መጣ። ጥያቄው ዮአኪም ዘንድ ሲደርስ የሚጫነው ሁለት ቁልፍ ሠራሁ፤ አንዱ አረንጓዴ፣ «እሺ» የሚል፤ ሌላው ቀይ፣ «አይሆንም» የሚል። ለስብሰባ አቀረብኩት። ዝም አሉ። ዮአኪም ጉሮሮውን ጠረገ።

«ቀዩ... ትንሽ አይከብድም ትላላችሁ?»

«ቃሉ ነው ወይስ ቀለሙ?» አልኩ።

«ሁለቱም ይመስለኛል። እኔ በግሌ ምንም አይደለም፤ ግን ሰዎች ምን ይሰማቸዋል?»

አንዱ «ገና ነው» ይባል አለ። ሌላዋ «እስቲ እንይ» አለች። ሌላው ቀለሙ ሮዝ ቢሆን ብሎ ሐሳብ አቀረበ። ለአንዲት ቁልፍ ሦስት ስብሰባ ተቀመጥን፤ በሦስቱም ኬክ ነበር። በመጨረሻ ቀዩ ወጣና ቢጫ ገባ፤ ላዩ ላይ «እናስብበት» ተጻፈ።

«እሺ፣ እናስብበት ተባለ። ከዚያስ?» አልኩ።

«ከዚያማ እናስብበታለን» አለ ዮአኪም።

«አስበንስ?»

ሁሉም ኩባያውን ያይ ጀመር። ማሽኖቹ ከግድግዳው ወዲያ ይጮኻሉ፤ ከግድግዳው ወዲህ ጭጭ። ጥቂት ቆይታ ፊሊፓ እጇን አጨበጨበችና፣ «ግሩም፣ ተስማምተናል!» አለች።

ያን ጊዜ ገባኝ። ሃያ ዓመት የተቀመጥኩበት ስብሰባ ሁሉ በአንድ ጊዜ ታየኝ። እዚህ ቤት ነገር የሚያልቀው እንዲህ ነው፤ ዝም ያለ ተስማምቷል። የምታደርጉትን ሥራ አልተባልኩም? ሠራኋ! አንድ ሳጥን ጎተትኩ፣ ቀስት ሳብኩ፣ ቀስቱ ላይ ጻፍኩ፤ «እናስብበት» ተብሎ ሁለት ሳምንት ማንም ምንም ካልተናገረ ጥያቄው አረንጓዴ ይሁን። በሚቀጥለው ስብሰባ ለሁሉም በትልቁ ስክሪን አሳየሁ።

«ይህች ሳጥን ዝምታን እሺታ ታደርገዋለች። ተቃውሞ ያለው?»

ዝም።

«ጸደቀ» አልኩ።

«እና ሲስተሙ ለሁላችንም እኩል ነው» አለ ዮአኪም፣ ፊሊፓ እንድትሰማው ድምፁን ከፍ አድርጎ። «የእኔም ዕረፍት በዚሁ ነው የሚያልፈው። እዚህ ቤት የተለየ ሰው የለም።»

በሚያዝያ ሲስተሙ ሥራ ጀመረ። በዚያው ቀን ጉንቦር ተሸኘች፤ አረንጓዴ ኬክ ተቆረሰ፣ ፎቶ ተነሣን። ፎቶው የድርጅቱ ጋዜጣ ላይ ወጣ፤ ዮአኪምና ፊሊፓ መሐል ቆመው ይስቃሉ፤ በግራ በኩል ከጫፍ አንድ ትከሻ ይታያል። ትከሻው የእኔ ነው። በሸሚዙ ነው ያወቅሁት።

የመጀመሪያውን ጥያቄ ያስገባሁት እኔ ነኝ፤ ሐምሌን፣ ሙሉውን። ዮአኪም ቢጫውን ተጫነ። ከእኔ በኋላ አኔሊ አስገባች፣ ከእሷ በኋላ ማጠቢያዎቹ፣ ማድረቂያዎቹ፣ ሾፌሮቹ፤ ዮአኪም ለሁሉም ቢጫውን ተጫነ። ከዚያ አሰበበት። ሁለት ሳምንቱ ሲሞላ ስልኬ ጢን አለ፤ አረንጓዴ። ወዲያው ለቱቫ ደወልኩ።

«በሐምሌ ነው የምመጣው።»

«በየትኛው ሐምሌ?» አለች።

«በዚህኛው!»

ከዚያ ስልኩን ሳትዘጋ ወደ ውስጥ ስትጣራ ሰማኋት፤ «ልጆች፣ አያት ሊመጣ ነው!» ያን ድምፅ እንዴት ብዬ ልጻፈው? ተውት።

ግንቦት ሊያልቅ ሲል ዮአኪም እየሮጠ መተኮሻው ድረስ መጣ። ፊቱና አንሶላው አልተለዩም።

«ስቲግ፣ በሐምሌ ሥራ የሚገባው ማን ነው?»

«ሲስተሙን ጠይቀዋ።»

«ጠየቅሁት። ማንም የለም ይላል!»

«እንግዲያው ማንም የለም።»

«ሆስፒታሎቹ እኮ አንሶላ ይፈልጋሉ! በሽተኛ ዕረፍት አይወጣም!»

አኔሊ አንሶላዋን ሳታቆም፣ «ጉንቦርን ደውለህ አስተንፍሳት» አለችው። አልገባውም።

ስብሰባ ተጠራ። ዮአኪም፣ «ማንንም ለመውቀስ አይደለም» አለና ወደ እኔ ዞረ። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ፎቶው ላይ ያልታየ ፊቴ አሁን በደንብ ታየ። ፊሊፓ ከስቶክሆልም በስክሪን ገብታ፣ «ከዚህ ሁላችንም ብዙ እንማራለን» አለች። ዝም ብዬ ብውል ኖሮ ጥሩ ነበር፤ አልቻልኩም።

«የምታደርጉትን ሥራ አላላችሁኝም? ይኸው ሠራሁት! የምታደርጉት ይህንን ነው! ቀዩን ቁልፍ ማን ነው ያወጣው? ሮዝ ይሁን ያለውስ ማን ነው?»

ኩባያ፣ ኩባያ፣ ኩባያ።

የሠራተኛ ማኅበሩ ደግሞ አንዴ የተሰጠ ዕረፍት ባለቤቱ ወዶ ካልመለሰው በቀር አይነጠቅም አለ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ኮምፒውተር ከሁለቱም ይብሳል።

በነጋታው ዮአኪም ወደ ጉንቦር ክፍል ጠራኝ። ክፍሉ ባዶ ነው። ወንበሩ ግን አለ፤ ክንድ ማሳረፊያው ጠርዙ ላይ ተልጧል፤ ከፊቱ መስኮት፣ ከመስኮቱ ወዲያ በርች የሚባለው ባለ ነጭ ግንድ ዛፍ።

«ቁጭ በል፣ ቁጭ በል» አለኝ። ተቀመጥኩ። ጉልበቴ አመሰገነኝ። «እንዴት ነው?»

«ወንበር ነው።»

«እኔ እያሰብኩ ነበር ስቲግ፤ ይህን ቦታ ከአንተ የተሻለ የሚያውቀው የለም። ወረቀት ምናምን የሚባለው ነገር አሁን ቀርቷል። ሰዎቹን ብታናግርልን፣ ሐምሌያቸውን እንዲመልሱ... አንተ ቀጥተኛ ሰው ነህ። ስትቆጣም ለምደውሃል።»

«ወንበሩ የእኔ ነው እያልከኝ ነው?»

«ነው ማለት ይቻላል» አለ፣ በሩን እያየ። «እርግጥ ፕሮግራም አውጪው ራሱ ሐምሌውን ቢመልስ፣ ለሌላው ሰው ጥሩ ምሳሌ...» አልጨረሰውም። ከጀርባው አንድ ነገር አወጣ። በወረቀት የተጠቀለለ የቀረፋ ዳቦ ነው። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠልኝ። በመስኮቱ ወደ ውጭ አየ። ከዚያ በረጅሙ ተነፈሰ።

የጉንቦርን ትንፋሽ! ልክ እሷን! ወንበሩ ላይ የተቀመጠ መንፈስ ይመስል ከእሷ ወደ እሱ ተላልፏል። በእውነት ነው የምላችሁ፣ አፌ ተከፈተ። «እሺ በቃ፣ መስከረም...» የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ሃያ ዓመት የለመደ አፍ ነው። በአንድ ወገን ይህን ሁሉ ዘመን የተቆጨሁበት ወንበር ከሥሬ አለ፤ በሌላ ወገን «ልጆች፣ አያት ሊመጣ ነው» የሚለው ድምፅ ጆሮዬ ላይ።

«እናስብበት» አልኩና ተነሣሁ። ዳቦውን ይዤ ነው የወጣሁት።

ኮምፒውተሩ ጋ ሄጄ ሲስተሙን ከፈትኩ። የሁሉም ሐምሌ አረንጓዴ ነው። ከሁሉ በታች ግን አንዲት ቢጫ ነበረች። የማን እንደሆነች ሳይ ሳቄ አመለጠኝ፤ የዮአኪም! እሱ ምን አስቸኮለው፤ ጥያቄውን ያስገባው፣ ቢጫውንም ራሱ የተጫነው ባለፈው ሳምንት ነው፤ ሐምሌን ሙሉ፣ ለጀልባ ጉዞ። ሁለት ሳምንቷ ገና አልሞላም። አዲስ ሳጥን ጎተትኩ። ቀስት ሳብኩ። ያቺን የተጣለች ቁልፍ መልሼ አስገባኋት፤ ቀይ፣ ደህና አድርጎ የሚታይ ቀይ፤ «አይሆንም»። የሚጫናትም የዕረፍቱን ክፍል የሠራው ሰው ነው ብዬ ጻፍኩ።

በቡና ሰዓት ሁሉም በተሰበሰበበት ስክሪኑን አዞርኩላቸው።

«አንዲት ቁልፍ ጨምሬአለሁ። አረንጓዴ የሆነውን አትነካም፤ ገና ያልተወሰነውን ነው። ተቃውሞ ያለው?»

ዝም። ዮአኪም ስልኩን እየነካካ ነበር። አኔሊ ከንፈሯን ነክሳ ጣራውን ታያለች፤ ነገሩ ገብቷታል።

«ጸደቀ» አልኩና ተጫንኋት።

የዮአኪም ስልክ ጢን አለ። አየው። ደግሞ አየው።

«ስቲግ፣ ይሄ... ቀይ ነገር ምንድን ነው?»

«አይሆንም ነው።»

«የእኔ ሐምሌ እኮ ነው! ጀልባው ተይዟል!»

«ነሐሴ እኮ ደስ ይላል» አልኩት። «ትንኝም የለ።»

አኔሊ ጠረጴዛውን ትታ ወጣች፤ ሳቋ ከኮሪደሩ ይሰማ ነበር።

«ትንሽ ብንነጋገርበት...» አለ ዮአኪም።

«እናስብበት። ሁለት ሳምንት አለህ። ዝም ካልክ ተስማምተሃል ማለት ነው።»

ዙሪያውን አየ። እዚያ ሁሉ ሰው ፊት ሲስተሙ ለሁላችንም እኩል ነው ያለ ሰው ምን ሊል ይችላል? ኩባያውን አየ። ዝም አለ።

በሐምሌ ፋብሪካው በበጋ ተቀጣሪ ተማሪዎችና በዮአኪም ዋለ። አኔሊ ከዕረፍቷ አንድ ሳምንት በገዛ ፈቃዷ መለሰች፤ ለፋብሪካው አዝና ሳይሆን ዮአኪም ሲተኩስ ለማየት ነው። እኔ ትሮንድሄም ነበርኩ። ሐምሌ ሙሉ ዘነበ። ሃያ ዓመት የጠበቅኋት ሐምሌ፣ አንድ ቀን እንኳ ሰማይዋን አላየሁም። ከልጆቹ ጋር መስኮት ሥር ካርታ ተጫወትን፤ ሁለቱም ያጭበረብራሉ። ቱቫ የረጠቡትን ጫማዎች ምድጃው አጠገብ እየደረደረች፣ «አባዬ፣ እዚህ እኮ መስከረም ደረቅ ነው» አለችኝ። ኩባያዬን ልወረውር ምንም አልቀረኝም። ወዲያው ስቃ አንገቴን አቀፈችኝ።

አንድ ቀን ዮአኪም ደወለ። «ስቲግ፣ ማሽኑ አንሶላውን እየበላብኝ ነው። ጠርዙ ጠማማ ሆኖ ይገባል። ምን ላድርግ?» ከኋላው ውኃው ሲፏፏ ይሰማል።

«በሁለት እጅህ ወጥረህ ያዘው» አልኩት። «ደግሞ አትተንፍስበት።»

በመስከረም፣ ሰው ሁሉ ከተመለሰ በኋላ፣ ስለ ወንበሩ ጠየቅሁት። እጁ ላይ የመተኮሻው ጠባሳ ነበረበት፤ ቂም ግን አልያዘም፤ ይህ ሰው ቂም መያዝ እንኳ አያውቅበትም።

«እውነቱን ልንገርህ ስቲግ፣ ሲስተሙን በጣም ጥሩ አድርገህ ነው የሠራኸው። ቀዩ ቁልፍም አለ አሁን። ስለዚህ ፕሮግራም አውጪ የሚባል ሥራ አያስፈልገንም። ቦታው ተዘጋ።» ደግሞ ፈገግ አለ። «ልትኮራ ይገባል።»

የምመኘውን ወንበር ያጠፋው የገዛ እጄ የሠራው ነገር ነው እያለኝ ነው፤ እንደ ምስጋና። ክፍሉ የአንሶላ ጋሪዎች ማስቀመጫ ሆነ። ወንበሩን ሊጥሉት ሲሉ ተሸክሜ ቡና ክፍል አስገባሁት፤ ከመስኮቱ ሥር፣ ከፊሊፓ ቢጫ ወረቀት ጎን አኖርኩት። በቡና ሰዓት የምቀመጥበት እኔ ነኝ። ተቃውሞ ያለው ብዬ ጠይቄ ነበር፤ ሁሉም ኩባያውን አየ።